ወረርሽኝ ሲመጣ የምርምር ላብራቶሪ ሥራው ምንድን ነው?

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ጂንካ ላይ ኢቦላን የሚመስል ገዳይ በሽታ የሚያመጣው የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱን ይፋ አደረገ። በሽታው በኢትዮጵያ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በመጀመሪያው መግለጫ 9 ሰዎች መያዛቸው ተነገረ። ምርመራውን ያረጋገጠው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር።

ጥያቄው ወዲያው ተከተለ። ናሙናው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለምን አዲስ አበባ ይመጣል? ለምን እዚያው አይመረመርም? የምርምር ተቋማትስ ከመቼ ወዲህ ነው ሕመምተኛ የሚመረምሩት? በ2012 ኮሮና ሲገባም ሰው እንዲሁ ሲጠይቅ ነበር። ያኔ በየቀኑ የሚወጣው ቁጥር ወሬውን ሁሉ ስለያዘው መልሱን በደንብ ያብራራ አልነበረም።

ሦስት ዓይነት ላብራቶሪ

የሆስፒታል ላብራቶሪ ሐኪም ያዘዘለትን ይሠራል። ስኳር፣ ወባ፣ የደም ዓይነት። ኪቱ (የተዘጋጀው የምርመራ ዕቃ) ታሽጎ ይመጣለታል፤ ባለሙያው መመሪያውን ይከተላል። የሚጠበቅበት ሥራውን ቶሎና ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ሪፈረንስ ላብራቶሪ የሚባለው ነው። ሌሎች የተጠራጠሩትን ያረጋግጣል፣ የሌሎችን ጥራት ይፈትሻል፣ የወረርሽኝ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። በእኛ አገር ይህን ኃላፊነት የያዘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የተቋሙ ሥር ድሮ ፓስተር ኢንስቲትዩት ከሚባለው ቤት ይመዘዛል። የታክሲ ረዳት ዛሬም «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ የሚጠራው ሰፈር ነው።

ሦስተኛው የምርምር ላብራቶሪ ነው። ይሄኛው ገና መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ይዞ ይውላል። ሥራው በአንድ ታካሚ ካርድ ላይ አይጻፍም፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በሳይንስ መጽሔት ላይ ይወጣል። ግን አንድ ልማድ አለው። የተዘጋጀ ኪት ከሌለ ምርመራውን ራሱ ይቀምማል።

አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ወሳኙ ይህ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የኮሮና ቫይረስ ዘረ መል በይፋ ሲወጣ ገበያ ላይ አንድም ኪት አልነበረም። በቀናት ውስጥ የመጀመሪያውን የምርመራ ዘዴ አዘጋጅቶ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለሁሉም ያሰራጨው በርሊን የሚገኘው የሻሪቴ የተመራማሪዎች ቡድን ነበር። ፋብሪካዎቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሥጋ ደዌ ወደ ኮሮና

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ብዙዎች «አህሪ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌን ማጥናት ነበር። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ካየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። በኋላ በጤና ሚኒስቴር ሥር ገባ፤ ቲቢን፣ ወባን፣ ሌሎችንም ማጥናት ቀጠለ።

የሥጋ ደዌ ላብራቶሪ ለኮሮና ምን ይበጃል? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ የሚያጠኑት ሰዎች በዘረ መሉ በኩል መፈለግ ነበረባቸው። ቲቢም ቢሆን ቢበቅልም ሳምንታት ይፈጃል፤ እዚያም የዘረ መል ምርመራ ይመረጣል። ወረርሽኙ ሲመጣ እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዘረ መልን የሚያባዛው የፒሲአር ማሽን፣ ናሙና በደህና የሚከፈትበት ካቢኔት፣ ጥልቅ ማቀዝቀዣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጁ የሠለጠነ ሰው ተገኘ። ለሌላ በሽታ ተብሎ ለዓመታት የወጣው ገንዘብ ነው ለኮሮና የደረሰው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ይህም አልበቃም። እ.ኤ.አ. እስከ ፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ድረስ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ኮሮናን መመርመር ይችሉ የነበሩት ሁለት ተቋማት ናቸው። አንዱ ዳካር ያለው ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የተጠርጣሪዎች ናሙናዎች በአውሮፕላን ደቡብ አፍሪካ ሄደው ነው የተመረመሩት። በዚያው ወር ግን ምርመራው እዚህ ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሰው፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ ቫይረሱ ሲገኝበት ውጤቱ የወጣው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ከዚያ አህሪ ተጨመረ። ዩኒቨርሲቲዎችና የክልል ላብራቶሪዎች ተከተሉ። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ሳይቀር ገባበት። ይህን ሰምቶ የሳቀ ይኖራል፤ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም። ማሽኑ ናሙናው የሰው ይሁን የከብት አያውቅም፤ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ ከወረርሽኝ ጋር ከማንም በላይ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 መጨረሻ በአገሪቱ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ምርመራ ተካሄደ። የጋናው ኖጉቺ መታሰቢያ የሕክምና ምርምር ተቋምና ኢንቴቤ ያለው የኡጋንዳ ቫይረስ ምርምር ተቋምም በየአገራቸው ይህንኑ ሸክም ተሸክመዋል።

አንድ ናሙና እንዴት ይውላል?

ፒሲአር ማለት በናሙናው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የዘረ መል ቁራጭ ደጋግሞ እያባዛ እንድትታይ የሚያደርግ ዘዴ ነው። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ይሄዳሉ። ከ30 ዙር በኋላ ከአንዷ ቁራጭ ከቢሊዮን በላይ ቅጂ ይወጣል። ጥቅሙም ጣጣውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ናሙናው ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በስዋብ (በረጅም የጥጥ እንጨት) ይወሰዳል። ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባና በበረዶ ሳጥን ይጓዛል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ከቆየ እስከ 72 ሰዓት ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይፈልጋል። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ በረዶው ይቀልጣል፤ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ሊሆን ይችላል። ሰውየው ታሞ ሳለ ማለት ነው።

ላብራቶሪ ሲደርስ መጀመሪያ ይመዘገባል። ስም፣ ስልክ፣ መለያ ቁጥር። ቀላል የሚመስለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስልኩ ላይ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ይጠፋል፤ ንክኪ ያላቸውም አይገኙም።

ቀጥሎ ናሙናው በካቢኔት ውስጥ ተከፍቶ ቫይረሱን የሚያፈርስ ኬሚካል ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ ተላላፊ አይደለም። ዘረ መሉ ተጣርቶ ይወጣል። የማባዣው ውህድ ደግሞ በሌላ ንጹሕ ክፍል ይዘጋጃል። ማሽኑ ያለው በሦስተኛ ክፍል ነው። ጉዞው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ ማሽኑ ክፍል የገባ ሰው በዚያው ቀን ወደ ንጹሑ ክፍል አይመለስም። ምክንያቱም ከተባዛው ቢሊዮን ቅጂ አንዲት ጠብታ በጓንት ይዞ ቢመለስ የማግስቱን ናሙና ሁሉ «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል።

ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ሳህን 96 ጉድጓድ አለው። አንዱ ቫይረሱ እንዳለበት የሚታወቅ፣ ሌላው እንደሌለበት የሚታወቅ ናሙና ይያዝበታል። ለሰው የሚተርፈው 94 ነው። ባዶ መሆን ያለበት ጉድጓድ ምልክት ካሳየ የ94ቱም ሰዎች ውጤት ይጣላል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ቤቱ ውስጥ በጭንቀት የሚጠበቀው ውጤት እንግዲህ የባዶው ጉድጓድ ነው።

«ትናንት ፖዘቲቭ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ኔጌቲቭ አሉኝ፤ ይቀልዳሉ» የሚለው ቅሬታም መልስ አለው። ማሽኑ ምልክቱን ያየው በስንተኛው ዙር እንደሆነ ይመዘግባል። ይህ ቁጥር «ሲቲ» ይባላል። በ18ኛው ዙር ከታየ ቫይረሱ ብዙ ነው። በ37ኛው ከታየ በጣም ጥቂት ነው፤ ምናልባት በሽታው አልፎ ርዝራዡ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ተገኝቶበት ነገ ባይገኝበት ማንም አልዋሸም። ስዋቡ በደንብ አልገባ ይሆናል፤ ሁለቱ ላብራቶሪዎች «ከዚህ ዙር በኋላ የታየውን አንቆጥርም» የሚሉበት መስመርም ሊለያይ ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ሊሄዱ ትኬት ቆርጠው የምስክር ወረቀት ይጠብቁ ለነበሩ ሰዎች ግን ይህ ልዩነት ጉዞ የሚያስቀር ነበር።

ማሽኑ ላይ የሚፈጀው ጊዜ ሰዓታት ነው። ውጤቱ ግን ቀናት ሲፈጅ አይተናል። የሚዘገየው በወረፋው፣ በምዝገባውና በሪኤጀንት (ምርመራው በሚሠራባቸው ኬሚካሎች) እጥረት ነው። የምርምር ላብራቶሪ ደግሞ ድካሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ጥቂት ደርዘን ናሙና ይዞ የለመደ ቤት በቀን ሺህ ሲመጣበት የሚጎድለው ተመራማሪ አይደለም። መዝጋቢ፣ ሾፌር፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ነው የሚጎድለው።

የዕለቱ ቁጥር

በ2012 እና በ2013 የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የምታወጣውን ሪፖርት ያልተከታተለ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የተያዙትን ቁጥር ነበር። ከጎኑ ያለውን የተመረመሩትን ቁጥር የሚያይ አልነበረም። በ2012 ክረምት የማኅበረሰብ አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ሲጀመር የተያዙት ቁጥር በአንዴ ተመነጠቀ። አንዱ «በሽታው ፈነዳ» አለ፤ ሌላው «መንግሥት ቁጥር እየፈጠረ ነው» አለ። ምርመራው ሲበዛ ቀድሞም የነበረው መታየቱ ነው፤ በተወሰነ ደረጃም ስርጭቱ በእርግጥ እየጨመረ ነበር። ሁለቱን ለመለየት ከተመረመሩት ከመቶ ስንቱ ተገኘበት የሚለውን ማየት ያስፈልጋል።

አቅምን ለመቆጠብ አንድ ብልሃት አለ። የአምስት ሰው ናሙና ቀላቅሎ አንድ ጊዜ መመርመር። ቫይረሱ ካልተገኘ አምስቱም ነፃ ናቸው፤ ከተገኘ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመረመራሉ። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ በተያዘበት ጊዜ 100 ሰው በ25 ምርመራ ገደማ ያልቃል። ከመቶው 20 ከተያዙ ግን ወደ 87 ምርመራ ይፈልጋል፤ ልፋቱ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። ጋና ይህን ዘዴ በሰፊው ተጠቅማለች። ሩዋንዳ ከሒሳብ ሊቃውንት ጋር ሆና የራሷን ቀመር አውጥታለች። የቱ ቡድን፣ መቼ ይቀላቀል የሚለውን ለመወሰን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ምርምር ቤት ነው።

ማንም ይመርምር ወይስ የተፈቀደለት ብቻ?

የዓለም ክርክር በዋናነት እዚህ ላይ ነበር። አንደኛው ወገን «ቤት ሲቃጠል ፈቃድ አይጠየቅም» ይላል። ለዚህ የሚጠቀሰው ሲያትል ነው። ዶክተር ሄለን ቹ የሚመሩት የጉንፋን ጥናት ብዙ ናሙና በእጁ ነበረው። ላብራቶሪው ግን ለምርምር እንጂ ለታካሚ ውጤት ለመስጠት የተፈቀደለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ፈቃድ ሳይጠብቁ መረመሩ፤ የትም ያልተጓዘ ልጅ ላይ ቫይረሱን አገኙ። ቫይረሱ በከተማው ውስጥ ሲዛመት እንደቆየ የታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ምርመራውን እንዲያቆሙ ተነገራቸው።

ሌላው ወገን የሚፈራው የተሳሳተ ውጤትን ነው። የእንግሊዙ ኢመንሳ ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ወደ 43 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች የተሳሳተ «ኔጌቲቭ» ሳይሰጥ እንዳልቀረ ተገልጿል። እነዚያ ሰዎች ነፃ ነን ብለው ሥራና ትምህርት ቤት ሄደዋል።

ሁለቱም ስጋት እውነት ነው። ነገር ግን ኢመንሳ የምርምር ቤት አልነበረም፤ ለንግድ የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የተበላሸ ኪት ለክፍለ ግዛቶች የላከውም የአሜሪካ መንግሥት የራሱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር። በር ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን ጥራትን አያረጋግጥም ማለት ነው። የሚያረጋግጠው አሰልቺ ሥራ ነው። ማንነታቸው የተደበቀ ናሙናዎች በየጊዜው ከውጭ ይላካሉ፤ ላብራቶሪው በትክክል መለየቱ ይታያል። ከአስር አንዱ ወደ ሪፈረንስ ላብራቶሪ ተመልሶ ቢፈተሽ እንኳ ብዙ ስህተት ይያዛል። ከዚህ ሌላ አይኤስኦ 15189 የሚባል የሕክምና ላብራቶሪዎች የብቃት መለኪያ አለ። ይህን በሰላሙ ጊዜ ያገኘ የምርምር ቤት በችግር ቀን ፈቃድ ፍለጋ አይሮጥም።

የጂንካም መልስ ከዚህ ይገኛል። አንድ አገር «ማርበርግ ገባ» ስትል ነገሩ ዓለም አቀፍ ነው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት የዚህ ዓይነቱ ክስተት በተገመገመ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ይነገራል። በስህተት ቢነገር ጣጣው ብዙ ነው፤ በስህተት ቢታለፍ ደግሞ ሰው ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ወደ ማዕከል ማምጣት ተገቢ ነው። ከተረጋገጠ በኋላ ግን በየቀኑ የሚመጣውን ተጠርጣሪ ሁሉ አዲስ አበባ ማመላለስ አያዋጣም። ያኔ ምርመራው ወደ ሰዉ መቅረብ አለበት። ቫይረሱን ሕያው አድርጎ ማሳደግ ከፍተኛውን የጥንቃቄ ደረጃ ይጠይቃል። በኬሚካል ካፈረሱት በኋላ በፒሲአር መለየት ግን በጥሩ መከላከያና በሠለጠነ ሰው በክልልም ይሠራል።

ምርምሩስ ምን ከፈለ?

ስለዚህ ብዙ አይወራም። ለወራት የኮሮና ናሙና ሲያስተናግድ የሚውል ላብራቶሪ የቲቢ ጥናቱ ይቆማል። የኤችአይቪ ታካሚዎች የቫይረስ መጠን የሚለካበት ማሽን ለኮሮና ሲውል የእነሱ ወረፋ ይረዝማል። ለቲቢ የመጣው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያም እንዲሁ።

በእኔ ግምት የምርምር ቤትን በቀን ስንት ናሙና ሠራ ብሎ መመዘን አባካኝነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእሱ ናቸው፤ ያኔ ሌላ የሚችል የለም። ከዚያ የዕለት ተዕለቱን ምርመራ ለሆስፒታሎችና ለክልሎች አስረክቦ፣ ሌላው ወደማይሠራው መመለስ አለበት። በየገበያው የመጣ ኪት እውነት ይሠራ እንደሆን ማን ይፈትሻል? ቫይረሱ ተለውጦ ምርመራው ያመልጠው እንደሆን ማን ያያል? የጂንካው ማርበርግ ቀደም ሲል በምሥራቅ አፍሪካ ከታየው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ የታወቀው በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዘረ መል ትንተና ነው። ይህን የሆስፒታል ላብራቶሪ እንዲሠራ መጠበቅ አይቻልም።

ተቃራኒው ሐሳብም ክብደት አለው። «አስረክቡ» ማለት ቀላል ነው፤ ተረካቢው የት አለ? በክልል ያለው ማሽን ሲበላሽ የሚጠግነው ከሌለ፣ ባለሙያው በኮንትራት ተቀጥሮ ኮንትራቱ ካለቀ፣ ሥራው ዞሮ እዚያው ዘነበወርቅና ፓስተር ይመለሳል።

መጋዘኑ

ማሽን ያለ ሪኤጀንት ቆርቆሮ ነው። በ2012 ይህ በደንብ ታይቷል። መጋቢት 13 ቀን የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ ዕርዳታ አዲስ አበባ ሲገባ ለአፍሪካ አገሮች የመጣው 1.1 ሚሊዮን ኪት ነበር፤ ለእያንዳንዱ አገር 20 ሺህ ገደማ። ያ ኪት ባይመጣ ብዙ ማሽኖች ሥራ ፈትተው ይቆዩ ነበር። መስከረም 2013 ላይ የቻይናው ቢጂአይ የኪት ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። ለውጭ ምንዛሪ ለምትቸገር አገር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የአንድ በሽታ ኪት የሚሠራ ፋብሪካ በሽታው ሲያልፍ ገበያው ይጠፋበታል።

የማሽኑ ዓይነትም ልዩነት አለው። አንዳንዱ ዝግ ነው፤ የአምራቹን ካርትሬጅ (ኬሚካሉ ተሞልቶ የታሸገበት ዕቃ) እንጂ ሌላ አይቀበልም። አምራቹ ለሀብታም አገር ቅድሚያ ከሰጠ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ክፍት የሆነው ከየትም የመጣ ኬሚካል ይቀበላል፤ በምላሹ ግን የሚያውቅ እጅ ይጠይቃል። የምርምር ቤቶች በአብዛኛው ክፍቱን ነው የሚጠቀሙት።

ለማይታወቅ በሽታ ኪት ገዝቶ ማከማቸት ትርጉም የለውም፤ የትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ኪቱም ጊዜው ያልፍበታል። ከኪቱ ውስጥ ለአንድ ቫይረስ ብቻ የሚሠራው ግን ፕራይመርና ፕሮብ የሚባሉት አጫጭር የዘረ መል ቁራጮች ናቸው። ሌላው ሁሉ፣ ዘረ መል ማጣሪያው፣ ማባዣው ኢንዛይም፣ ስዋቡ፣ ሳህኑ፣ ጓንቱ፣ ለቲቢም ለኮሮናም ለማርበርግም ያው ነው። ይህን የጋራ ዕቃ በመንግሥት መጋዘን ብቻ ከማስቀመጥ የስድስት ወር መጠባበቂያውን በየቀኑ ለሚጠቀሙበት የምርምር ላብራቶሪዎች ማከፋፈል ይቻላል። የቆየውን ለጥናታቸው ይጠቀማሉ፣ አዲሱን ይተካሉ፤ ጊዜው አልፎበት የሚጣል አይኖርም። አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ከውጭ የሚጠበቀው በትንሽ ፖስታ የሚላከው ፕራይመርና ፕሮብ ብቻ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማን ይግዛ፣ ማን ይቁጠር፣ ወረርሽኝ ሲታወጅ ዕቃው በማን ትእዛዝ ይውጣ የሚለውን አስቀድሞ በወረቀት መጨረስ ነው።